የግራው ነገር

ዐሥራ አራት ወር ሙሉ ትርፍ ሰዓት ሠርቼ፣
የአራት ሰዓት ሻዬን ከነዳቦው ትቼ፣
ሄድፎን ገዛሁ።
ሀይረዲን አመጣው በካልሲ ጠቅልሎ፤
ዋጋውን ነገረኝ፣ መርዶ እንደሚያረዳ፣ አጠገቤ ዝቅ ብሎ።
አስካለ አየችው።
«ፍሪጁን በስንት ነበር ያየነው?» አለችና
መልሴን ሳትጠብቅ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።

ስልኬ ላይ ሰካሁት።
ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው፣
አለ ለማለት ነው፣ ሩቅ ነው፣ ቀጭን ነው።
«ሦስት መቶ ኦም እኮ ነው» አለኝ ቶለሳ፣
ገላን መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮ ሱቁ፣
ከፈታው ሬዲዮ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፤
«ስልክህ አህያ ነው፣ ይኼ የሲኖ ጭነት፤
አምፕሊፋየር ፈልግ፣ ወገብ ያለው ብረት።»

ራሱ ሠራልኝ።
ትራንስፎርመሩን ከተቃጠለ ቴፕ፣
ሣጥኑን ከሞተ የባትሪ ቻርጀር፤
አንድ ቢጫ መብራት፣ አንድ ወፍራም ቁልፍ፣
ሲይዙት የሚከብድ፣ ልክ እንደ ቁም ነገር።
ተሸክሜው ገባሁ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሰካሁት።
እምምምምም...
ንብ የሰፈረበት ቀፎ ሆነ ጭንቅላቴ።
«መሬት የለውማ!» አለኝ ቶለሳ፣ «መሬት የለው ቤትህ!»
«ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምን መሬት?» አልኩት።
ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ።

እሑድ ከብሎኩ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርን።
ከሰል ነሰነስን፣ ጨው ጨመርን፣
የሁለት ሜትር ብረት ቀበርን።
ዘበኛው ደመላሽ በጋቢው እንደ ተከናነበ መጣ፤
«ማን ሞቶ ነው?» አለ።
ወጥቼ ሰካሁት። ያ እምምታ የለም።
እሱ ነው የሞተው፣ ጋሽ ደመላሽ፣ ሌላ ማንም።

ያኔ ሰማሁ።
ሳክስፎን ነፊው ከመነሻው በፊት አየር ሲሰበስብ፣
ከጣቱ ሥር ያሉት የናስ ክዳኖች ጠቅ ጠቅ ሲሉ፤
የሆነ ሰው፣ ከኋላ፣ ወንበሩን ሲስብ።
ግን ግራው አነሰ።
መሐል መቆም ሲገባው ዘፋኙ
ወደ ቀኝ ትከሻዬ ዘመመ፤
ከበሮ መቺው ግራ ጥግ ተቀምጦ
ዝም አለ፣ እንደ ተቀየመ።

ግራው ግራ ገባኝ።
ገመዱ ነው አልኩ። ሀይረዲን መቼም ገመድ አያጣም፤
እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ጥርት ያለ መዳብ፣
ጫፉ ብር የተቀባ፣ የአንድ ወር ቀለብ።
ቀየርኩት። ያው ነው።
አምፕሊፋየሩ ነው አልኩ።
ቶለሳ ፈታው፣ ለካው፤
መርፌዋ ሁለቱም ጋ እኩል ቆመች።
«መርፌ አትዋሽም» አለ። አልዋሸች።

ከዚያ ከራሴ ላይ አነሳው፣ ምንም ሳይናገር፤
የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዙሮ
መልሶ አጠለቀልኝ።
ጠበቅሁ። አሁን ተራው የቀኙ ነው፣ ቀኙ ይቀንሳል ብዬ።

ግራው አነሰ።

ሚስማር ፋብሪካ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ሦስት ቁጥር ማሽን።
የምትቆርጠው በግራዬ በኩል ነው፤
በደቂቃ ሦስት መቶ ሚስማር፣
ጠጠጠጠጠ፣ አራስ ቤት ሳለሁ እንኳ በሕልሜ የምሰማት...
አራስ ቤት ስል የአስካለን ነው፣ ልጃችን ስትወለድ።
የጆሮ መድፈኛ ሰጥተውን ነበር፤
ብርቱካናማ ስፖንጅ፤
ሎከሬ ውስጥ አለ፣ ከነፌስታሉ።
ትርፍ ሰዓቱም እዚያው ማሽን ሥር ነው የተሠራው።
ለሀይረዲን በብር ከፍያለሁ፤
ለሦስት ቁጥር በምን እንደ ከፈልኩ ደረሰኝ የለኝም።

«የግራውን ለብቻ የሚጨምር ቁልፍ ልግጠምልህ?» አለ ቶለሳ።
«ቆይ» አልኩት። ታክሲው ረዳት ሲጣራ
በቀኜ ሰማሁት፤ ቀድሞም በዚያው ኖሯል።

ማታ ሰፈሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ጄኔሬተሮቹ አንድ በአንድ ሲበርዱ፣
አስካለ ሳህኑን ትታ፣ እጇን በቀሚሷ አድርቃ፣
«አምጣው እስቲ፣ ፍሪጄን» አለች።
አጠለቀችው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለች።
ከዚያ ራሷን ቀስ ብላ ወደ ግራ መለሰች፤
«እዚህ ጋ ከበሮ አለ» አለች፣
ባዶውን ግድግዳ በጣቷ እያሳየች።

እኔም ወንበሬን አንስቼ
ወደዚያ ተጠጋሁ።