ሁዳዴ ያበሰለው አይብ

ልየው ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ደጀን የገባ ለት፣
ቅበላ አልፎ ነበር፤ ሰኞ ነው፣ የቅቤው ድስት በአመድ የታሸበት።
ከጋቢናው ወረደ፤ ከወንበሩ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ
ክብ ነገር አወጣ፣ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው እያባበለ።
«ፎርማጆ ነው» አለን፣ «የፈረንሳይ አይብ፤
ወይንም ሁለት ጠርሙስ። መተሐራ ጎማ ፈንድቶ አሳደረኝ እንጂ
ለቅበላ ነበር የኔስ ሐሳብ።»

ዝም አልን። ኀምሳ አምስት ቀን።
ስመኝ ጠጋ ብላ አሸተተችውና፣ አፍንጫዋን ይዛ፣
«ይኸ'ኮ ሞቷል፤ ልየው፣ ሬሳ ነው እንዴ የምትገዛ?»
ትሁን ግን ጎታ ያላት ሴት ናት፤ ጎታ ያለው ሰው አይደነግጥም፤
በኮባ ጠቅልላ ጤፏ ውስጥ ቀበረችው፤
«እህል አምኖ የጠፋ» አለች፣ «እስካሁን አላየሁም።»

እኛ በሽሮና በስግደት ስንከሳ፣ እሱ በጨለማው ወፈረ፤
ከደብረ ዘይት በኋላ የትሁን ድመት ከጎታው ሥር ማደር ጀመረ።
ልየው ከመንገድ ሲደውል ሰላምታው «እንዴት ነው?» ነበር፤
«ማን?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ዳግማይ ትንሣኤ ማታ፣ ከደጄ፣ ገደሉ ደመና ተኝቶበት፣
የመቁረጫ ጠረጴዛዬን አወጣን፣ የኖራ መስመሩ እንዳለበት፤
አይቡ የተቀመጠው በአንዲት ሙሽራ ትከሻ ልክ ላይ ነው።

አይሻ የምትባል የጅቡቲ ባለ ቡፌ የጻፈችለት ወረቀት አለ፦
«ሦስት ኪሎ ሽንኩርት። ቅቤ። አትቸኩሉ።» ስለ በርበሬ አንዳች አላለ።
አንሙት ከተፈ፤ ዕንባው ወረደ፤ የኛም ወረደ፤ ልየውንም ወረደው፤
የከባድ መኪና ሾፌር ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤
ሽንኩርት ግን ፈቀደው።
በዚያ ልቅሶ መሐል የይበልጣልን ስም ማንም አልጠራ፤
ስመኝ ብቻ አንዱን ባዶ በርጩማ በእግሯ ሳበችው ወደኛ ተራ።

ሽንኩርቱ መጀመሪያ ወተት፣ ኋላ ማር፣ ኋላ የኮርቻ ቀለም ሆነ፤
ስመኝ በርበሬ ልትነሰንስ ሦስቴ እጇ ተነሥቶ፣ ሦስቴ ባከነ።
የፉርኖ ዳቦ ጠብሰን ከላይ ደረብን፤ አይቡ ቀልጦ ዘለቀበት።

ቡሹን የሚነቅል የለንም። ልየው ካቻቢቴና ብሎን አመጣ፤
በፒንሳ ሲጎትተው «ጷ!» አለ፤
ከገደሉም ማዶ፣ ቆይቶ፣ አንድ ሌላ «ጷ» መጣ።
በብርሌ ቀዳን። ጎመዘዘን። ተያየን። ጌሾ የለው፣ ማር የለው፤
አንሙት፣ የውኃ ቆጣሪ አንባቢው፣ ያቋረጠው ቅኔ ቤት ትዝ አለው፤
ብርሌውን ወደ ፋኖሱ አነሣና፦

«ወይኑስ ደግ ነበር፣ ከሩቅ አገር መጥቶ፤
ይበልጣል ጠጁ ግን፣ ምነው ቀረ ከቶ?»

መጀመሪያ ሳቅን፤ ሰሙን ነው የሰማነው።
ከዚያ ማንኪያው ሁሉ ቆመ፤
ወርቁ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

የቀረውን አይብ በካራ ከፈልነው፤ ሆዱ እንደ ጧፍ ሰም ፈሰሰ፤
ስመኝ ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች፣ ደገመች፣ እጇ ተመለሰ፤
«ዝናብ ያገኘው አጎዛ» አለች፣ «ከዚያ እንጉዳይ፣ ከዚያ... ስጡኝ እስቲ።»
«ሬሳው?» አላት ልየው። «ተነሥቷል» አለች፣ አፏ እንደ ሞላ።
«ፈረንሳይ ሩቅ ነው?» አለች ትሁን።
«ከመተሐራ ትንሽ ያልፋል።»

ሌሊት ወረደ ልየው፤ የፍሬኑ ሲጥታ እስከ ዓባይ ድልድይ ተከተለኝ።
ከጠርሙሱ አንዱ የስፌት መኪናዬን ዘይት ይዟል፤
ሌላውን ከበርጩማው አጠገብ እንዳለ ተውነው፣ ሩቡ ሳይጠጣ።

የትሁን ጤፍ ግን፣ ኮባው አፍስሶ ኖሮ፣ እስከ ሰኔ ሸተተ፤
ጎረቤት ልትበደር መጥታ፣ እፍኙን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣
«ምን ነክቶት ነው ይኸ?» ስትላት፣
ትሁን መስፈሪያውን ሳታስቀምጥ፣
«በዓል» ትላለች፣ «በዓል ነክቶት ነው።»