ለእያንዳንዱ

ቢሯችን ጠባብ ናት፤ አንድ ሚዛን፣ አንድ በር፣
መስኮቷ ለጣና፣ ጀርባዋ ለሰፈር።
አሥራ ስምንት ዓመት በቢክ እስክሪብቶ
ስም ስጽፍ ኖሬአለሁ፣ ኪሎው ከጎን ገብቶ፤
ስም፣ ኪሎ፣ ብር፣ ፊርማ። ስም፣ ኪሎ፣ ብር፣ ፊርማ።
መዝገቡም ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እጄማ!

ዘንድሮ ኮምፒውተር ገባ፤ እንየው አብሮት መጣ፣
ከፖሊ የተመረቀ ልጅ፣ ሥራ ፍለጋ የወጣ።
የቋንቋው ስም ፓይተን፤ «ዘንዶ ማለት» ቢለኝ፣
ሳቄ መጣ፤ ዘንዶማ ከደንገሉ ውስጥ ስንቴ አስደነገጠኝ።
«ይሄኛው አይነክስም፣» አለኝ ወንበር ስቦ፤
ጣቴ ፊደል ለቀመ፣ እንደ ዶሮ ተርቦ።

መጀመሪያ የጻፍኩት የሠላሳ አንድ ሰው ስም፣
ሠላሳ አንድ ጊዜ «አትም»፣ «አትም»፣ «አትም»።
ኮራሁ። እንየው ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣም፣
«ነገ መቶ ቢሆኑስ? ምሽትሽ አይበቃም።»
ሠላሳውን ሰርዞ አንዲቷን አስቀረ፣
ከላይዋ «ለእያንዳንዱ» ብሎ ጽፎ አሰረ።
«ይችን አራት ክፍተት ገባ አድርጊያት፣» አለኝ፣
«ገባ ያለው ይደገማል፤ ዳር የቆመው አንዴ ነው።» ይሄስ ገባኝ፤
እኔ የዳር ሰው ነኝ፤ ታንኳ ገብታ ስትወጣ፣
ከዳር ቆሜ ቆጠርኩ የሄደ የመጣ።
አውቄው ኖሯል ለካ! መረብ የሚሠራ ሰው
አንድ ቋጠሮ ነው የሚያውቀው፤ ሺ ጊዜ የሚመልሰው።

በሳምንቱ ሌላ ዙር፦ «እስኪሞላ ቁጥሩ
ስም ጥራ» የሚል ነው፤ ቀላል ነው ነገሩ።
አንድ መደመር ብቻ ረሳሁ፣ ከሥር፣ ከመጨረሻ፤
ስክሪኑ ጎረፈ፦
ዓለምነው ቆሮሶ
ዓለምነው ቆሮሶ
ዓለምነው ቆሮሶ
ዓለምነው—
ማቆሚያ የለው፣ መድረሻ።

ይሄንንም አውቀዋለሁ። እምቦጭ ነው፣ ሌላ አይደለም፤
ጭቃ ውስጥ ስንነቅል ከረምን፤ አረሙ በቃኝ አላለም፤
ያውም አብቦ፣ ሐምራዊ፣ ቆንጆ፣ እንዳልበደለ ሰው።
እንየው ሁለት ቁልፍ ነካ፤ ጎርፉን ቀጥ አረገው።
«ዙር ስትጀምሪ፣» አለኝ፣ «መውጫው ይቅደም በኅሊና።»
ወይ አንተ! ይሄ ምክር በደረሰ ለጣና!

ደግሞ ሌላ ጣጣ፦
ቆጠራው ከዜሮ ነው፤ እኔ ከአንድ ጀመርኩ፣
ያን ሺ ጊዜ የጠራሁትን ሰው አንዴም ሳልጠራ ዘለልኩ።
ዓለምነው መጣ ማታ፣ መቅዘፊያው በትከሻው፣
«እትየ ሽታየ፣ ምን በደልኩሽ?» አሥራ አራት ኪሎ ነበር ድርሻው።
ይቅርታ ብዬ ከፈልኩት፣ በእስክሪብቶ፣ በድሮው።
ከዚያ ወዲህ ዜሮን እንደ ሰው ነው የማከብረው።

አሁን ይሠራል። ማታ አንድ ቁልፍ እነካለሁ፣
ስሙ ይወርዳል፤ በር ላይ ላሉት ጮክ ብዬ አነባለሁ፦
ዓለምነው፣ አሥራ ሁለት። ብርሌው፣ ዘጠኝ ተኩል።
ምትኩ፣ ስድስት፤ አምባዛና ቆሮሶ፣ እኩል በኩል።
አሥራ ሰባተኛው ላይ፦ የሺዋስ፣ ዜሮ ኪሎ።
የሺዋስ በሐምሌ ሄደ፣ «እመለሳለሁ» ብሎ፤
ታንኳው ናት የመጣችው፣ ያለ ሰው፣ ያለ መረብ።
አራት ቀን ፈለግነው፣ ከደሴት ደሴት፣ ከወደብ ወደብ።

«ቀላል ነው፣» ይላል እንየው፤ «ዜሮ ከሆነ እለፊው፣
አንድ መስመር ነው፤ አሁኑኑ፣ እዚህ ጋ ጻፊው።»
ልጅ ነው፣ አይፈረድበት።
መስመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አንዲት ነጥብ አልስትም፤
ጣቴን ግን አዝዤው፣ አዝዤው፣ አይታዘዝም።

ሚስቱ ጥሩዬ አንዳንዴ፣ ዓሣ ልትገዛ መስላ፣
ከበሩ ትቆማለች፣ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ፤
አሥራ አምስትን፣ አሥራ ስድስትን ትሰማለች፤
አሥራ ሰባትን
ትሰማለች።
«ደህና እደሪ» ብላኝ በዳሩ መንገድ ትሄዳለች።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፦
አሥራ ስምንት። አበጀ። ሰባት ኪሎ ተኩል።