አሥራ አምስተኛው ቤት

ሥራዬ መጠርጠር ነው፣ በቀን በሌሊቱ፤
ሰው ጽፎ ለሰው የለቀቀው፣ ክፍት ነው ደጃፉ፣ ክፍት ነው ቤቱ፣
ዋጋ የሌለው ሶፍትዌር፣ ሒሳብ የሚፈታ፤
ከየማሽኑ የማጣላው፣ የማስታርቀው፣ ጠዋትና ማታ፣
እንደ ጋብቻ ሽማግሌ ዘር እየቆጠርኩኝ፦
«እዚህስ ትኖራለህ? እዚያስ?» እያልኩኝ።

ላፕቶፔ ሊኑክስ ነው፣ ያረጀ፣ ታማኝ፤
የ«መ» ቁልፉ ወልቆ ቀዳዳውን በክብሪት እንጨት የሚያስወጋኝ።
ዊንዶውሱ የብርቱካን ነው፣ አቶቴ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ፤
መታወቂያ አባዝታ ሲያልቅ ሰልፈኛው ከፊቷ፣
«ቫይረስ እንዳታመጪብኝ» ብላ ወንበሯን ትለቃለች፤
እኔ ማትሪክስ ሳባዛ እሷ ዝርዝር ትቆጥራለች።
ማኩ በሰኞ ብቻ ነው፣ ያውም በልመና፣
ከሠርግ ቪዲዮ ቆራጩ ከኢዮኤል፣ እንቅልፉን ሲያካክስ ገና፤
ትናንት የተሞሸረች ልጅ ስክሪኑ ላይ ቢላ እንዳነሳች ቆማ፣
በቬሎዋ ጫፍ ላይ መስኮት ከፍቼ እኩልታ እፈታለሁ፣
ኬኩ ሳይቆረስ፣ እልልታው ሳይሰማ።

ፈተናው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ነው፣ እንደ ኒቅያ ጉባኤ፤
(ሆን ብዬ አይደለም፤ ቆጥሬ ስጨርስ ነው የገረመኝ እኔ።)
በሊኑክስ ሁሉም አለፈ። በዊንዶውስ ሁሉም አለፈ።
በማኩም፣ ሙሽራዋ እያየች፣ አንድም ሳይቀር አለፈ።

አራተኛ ግን ነበረ፣ የመምህር ካያሞ፣
ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ
ከተሰበረ ወንበር ጋር ከርሞ፣
ሠላሳ ሁለት ቢት፤ ሲያበሩት እንደ አስም በሽተኛ የሚስል፣
ማራገቢያው ሲዞር ዳገት የያዘ ባጃጅ የሚመስል።
ግማሽ ቀን ፈጀበት።
ሦስት መቶ አሥራ ሰባቱን አለፈ፤
አንዷ ላይ ቆመ።

ከነጥብ ወዲያ፣ አሥራ አምስተኛው ቤት፦
ሊኑክሱ፣ ሰባት።
ዊንዶውሱ፣ ሰባት።
ማኩ፣ ሰባት።
አሮጌው፣ ስምንት።
ለጆሮ ቤት የመታ ይመስላል፤
በሒሳብ ግን አልመታም።

ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩ፦ «ማሽኑ አርጅቷል፤ ስሕተቱ የእሱ ነው።»
ካያሞ ከትከሻዬ በላይ አነበበ፤ መነጽሩን አወለቀ፦
«ማነው የፈረደው?
ሦስት ስለሆኑ ነው? አሞራ ገደል ሂጂና እዪ፤
ሦስት ዓሣ ነጋዴ በአንድ ሚዛን ቢመዝን
ሦስት ምስክር አይባልም፣ ልጄ።
ፈተናው ላይ መልሱን መጀመሪያ የጻፈውስ ሰው
ከየት ቀዳው?
ከገዛ ማሽኑ ነዋ።»

ያን ምሽት መብራት ጠፋ። ካሬ ደብተሩን ዘረጋ፤
በስልኬ አበራሁለት። ጎኔን ከግድግዳው አስጠጋሁ፣ እስኪነጋ
ሳይሆን እስኪገባኝ።
ያካፍላል፣ ይደምራል፣ ሠላሳ ቤት ድረስ፣
ማሽኖቹ የሚቆርጡትን ጅራት አንድ በአንድ ሲመልስ።
ከሐይቁ በኩል ነፋሱ የዓሣ ሽታ ይዞ መጣ፤
ጉማሬ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ቁጥሩ ገና አልወጣ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እርሳሱን አስቀመጠ።
«ስምንት» አለ።
ሰዓቱን የነገረኝ መስሎኝ ነበር።

ለካ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ነው ያጠጋጉት፣ በአንድ ልማድ፤
አሮጌው ግን ሆዱ ውስጥ ሰፋ ያለ ጓዳ ነበረው፣
የዛሬዎቹ ለፍጥነት ሲሉ የተዉት፣
ትርፍ ጥቂት ቢት፤
ያቺን ኢምንት እዚያ ሸሽጎ ነው ያደረሳት።

ለብርቱካን ነገርኳት። «ስንት ብር ያወጣል እሱ ስምንት?» አለች።
«ምንም።»
ከት ብላ ሳቀች።
እሷ ግን ማታ ሒሳቧ ሃምሳ ሳንቲም ከጎደለ፣
መሳቢያውን ገልብጣ፣ ወረቀቱን በትና፣
በሩን ዘግታ ፍለጋ ነው እንጂ እንቅልፍ የሚባል የለ።

ሪፖርቱን ሰረዝኩት። እንደ አዲስ፦
«አሮጌው ደኅና ነው። የተሳሳተው መልሳችን ነው።»
«መልሳችን» ላይ ስደርስ ክብሪቴን አጣሁ፤
«መ»ን በጥፍሬ ወጋሁ።