ወንበር ቆጣሪ

እኔ ድንኳን ተካይ፣ እኔ ወንበር ቆጣሪ፣
በራስ አል-ሚልህ ዳር የሃያ ዓመት አዳሪ።
የምርጫ ክልሏን ታሪክ ብትሻ መዝገብ ቤት አትሂድ፣
ና መጋዘኔ ግባ፤ ሸራው ይዘርጋና አሸዋው ይናድ።
በያንዳንዱ እጥፋት አንድ ምርጫ ተኝቷል፣
የፈሰሰ ሻዩ ካርታ ሆኖ ቀርቷል።

የመጣሁ ዓመት ነው፤ ሁለት ተወዳዳሪ፣
አንዱ ዓሣ ነጋዴ፣ አንዱ ጀልባ ሠሪ።
ለዱዐይጅ ሦስት መቶ፣ ለሻፊ አራት መቶ ደረደርኩ፣
የሞላውን ትቼ ባዶውን ቆጠርኩ።
የቺታጎንጉ ሻምሱል ያስተማረኝ ጥበብ ይህች ናት፦
«ሰው ለእራት ይመጣል፤ እጁን ታጥቦ የቀረው ነው ድምፅ ያለበት።»
በሠላሳ አንድ ድምፅ ዱዐይጅ ረታ፣
ገና ሳይታጠብ የሩዙ ገበታ።

ያኔ ሴት አትመርጥም። የሻፊ እህት ወድሓ
ከድንኳኑ ውጪ መኪናዋን አቁማ፣ እንደ እንግዳ ከበረሃ፣
መስኮቱን ዝቅ አርጋ ንግግሩን ሰማች፤
ወንበር አልጠየቀች። ሞተሩን አስነሥታ ሄደች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለት ድንኳን አዘዘች፣
አንዱን ለሴት፣ አንዱን ለወንድ፤ ሒሳቡን ቀድማ ከፈለች።
የሴቶቹ ሞልቶ ወንበር አነሰኝ፣
ከዓሣ ገበያ የበረዶ ሣጥን እየጎተትኩ ነጋብኝ።
አራተኛ ወጣች።
ማግሥቱን ካስማ ስነቅል መጣችና ሣቀች፦
«ሐበሺ፣ በእናንተ አገር ሰው ወንበር የሚያገኘው እንዴት ነው?» አለች።
ምን ልበላት? በእኛ ቋንቋ ወንበር መቀመጫ ብቻ አይደለም፤
ሲወጡበት ይታያል፣ ሲወርዱበት አይታይም።

ከዚያ ወዲያ ምክር ቤቱ ይጠራል፣ ይበተናል፣
ይበተናል፣ ይጠራል፤
የባሕሩን ጠባይ የወረሰ ይመስላል፣
ሞላ ስንል ይሸሻል፣ ሸሸ ስንል ይሞላል።
ክልሉንም ቆረሱት፤ ቀጠሉት፤ ደግሞ ቆረሱት።
የዓሣ ገበያውን ከነዳጅ ሠፈሩ ጋር ባንድ ወረቀት አሠሩት።
ለአንድ ሰው አራት የነበረው ድምፅ አንድ ሆነ፣
ዱዐይጅ ተቆጥቶ «አልወዳደርም» ብሎ ጀልባው ላይ መነነ።
ወድሓ በአራተኛ ሙከራዋ አለፈች። በአምስተኛው ወር ምክር ቤቱ ተበተነ።

የወረርሽኙ ዓመት ድንኳን ተከለከለ፣
ዕጩው ሁሉ በስልክ መስታወት ውስጥ ዋለ።
ሻምሱል በዚያ ዓመት ሞተ።
የስንቱን ድንኳን የተከለ ሰው ያለ ድንኳን ተቀበረ፤
አራት ነበርን፤ አንዱም በመኪናው ውስጥ ቀረ።

እኔ?
ፓስፖርቴ ላይ ሦስት ዓመት ጨምሬ ከሐርቡ ወጣሁ፣
በወረቀት መራጭ ነበርኩ፣ በአካል ገና አልደረስኩ።
ባገሬ ሳይጠራ የገባ ድንኳን ሰባሪ ይባላል፤
እዚህ ድንኳኑን የተከለው ራሱ ውጪ ይቆማል።
ግን በየምርጫው ከዕጩው በፊት የሚሰማው ድምፅ የኔ ነው፣
ማይክሮፎኑን ስሞክረው፦
አንድ። ሁለት። ሦስት።
በአማርኛ። ማንም አልቆጠረው።

አሁን ምክር ቤቱ ተዘግቷል። እስከ መቼ? የሚያውቅ የለም።
ለሰርግ እተክላለሁ፣ ለለቅሶ እተክላለሁ፤ ሥራ አልፈታሁም።
ባለፈው በጋ ዱዐይጅ ሞተ። ወድሓ ደወለች፤
«ትልቁን ድንኳን አምጣ» አለች።
ለወንድሟ ባላንጣ።

ሦስት ቀን ቆምኩ። ልማድ ነው፣ ባዶውን ቆጠርኩ።
በመጨረሻው ሌሊት መኪናዋ መጣ፣ መስኮቱም ወረደ።
«ስንት ሰው ቀረ?»
«እዚህ እራት የለም፣ እመቤቴ። የመጣው ሁሉ ለሱ ነው የመጣው።»
«ቁጥሩን ንገረኝ።»
ነገርኳት።
ጣቶቿን በመሪው ላይ እያነሣች አሰላች፣
«ያልፍ ነበር» አለች።

ካስማውን ነቀልኩ። ማዕበሉ እስከ ድንኳኑ ጥግ ቀርቦ ነበር፤
ጉድጓዱ ወዲያው ውኃ ሞላ።