ከየትኛው ቀን ጀምሮ

ግንቦት ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ፀሐይ መስኮቱን አልለቅም ስትለው፣
ሄይንስ ጃንክሽን፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ሰባት ቁጥር ገብተን፣
ወለሉን በገመድ፣ በመንጠቆ፣ በበረዶ መጥረቢያ ሞልተን፣
ወንድሜ አንዳርጌ ተንበርክኮ
የጥርስ ብሩሽ ይመዝናል በወጥ ቤት ሚዛን፣ ተጨንቆ።
እጀታውን በቢላ ቀንጥሶ ደግሞ ጫነው፤
«አራት ግራም አተረፍን!» አለኝ።
ስድስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው።

ያኮራረፈን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነው፤
ግማሹ የእኔ ነበር፣ እሱ ግን ሙሉውን ሸጠው።
እኔ ኋይትሆርስ፣ እሱ ኤድመንተን፤
ለፋሲካ እንኳ ሳንደዋወል ከረምን።
ያስታረቀን ሽማግሌ አይደለም፤ የፓርኩ ደንብ ነው፣ አንቀጽ አራት፦
«ወደ በረዶው ለብቻው ለሚወጣ ፈቃድ የለም» የምትል መስመር ናት።
ደወልኩለት። «ገመድ ትይዛለህ?» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።
ብዙ ዝም አለ።
«ስንት ሜትር?» አለኝ በመጨረሻው።

አሁን ቅጹን እሞላለሁ፤ ጠዋት ሎሬይን ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤
እሱ ጫማውን ያሻል፤ «እጄ ሰም ነው፣ አንብቢልኝ» ይላል።
የድንኳን ቀለም? ብርቱካን።
የደም ዓይነት? አንድ ነው የሁለታችን፤
እሱን መካድ አልቻልንም፣ ያን ሁሉ ዘመን ተካክደን።
ከስንጥቅ ውስጥ ሰው አውጥታችሁ ታውቃላችሁ?
«ጻፊ» አለ፣ ቀና ሳይል፣
«እየሞከርን ነው በይ»።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከፊርማው በላይ ናት፣ ደረቅ ናት በነሱ ቋንቋ፤
ወደ እኛ ስመልሳት ግን አፌ ላይ ሁለት ሆና ነቃ፦
«በቀጠሯችሁ ባትመለሱ፣
ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንፈልጋችሁ?»

እንፈልጋችሁ።
ጨርቁ ጫማው አፍንጫ ላይ ቆመ።
ከውጭ አንድ የጭነት መኪና ወደ አላስካ አዘገመ፤
ሁለታችንም ድምፁን እስኪርቅ ሰማነው፣
የማን እንደሆነ የምናውቅ ይመስል፣ የሸጥነው።

«ቀኑ እንዳለፈ ነው የሚነሡት፣ ወይስ ይጨምራሉ?» አለኝ።
«ይጨምራሉ፤ አየሩ ያዘገያቸው ይሆናል ይላሉ።»
«ስንት ቀን?»
«ሦስት።»
«እኛ» አለ፣ ወደ ጫማው ተመልሶ፣ «አበዛን።»

ሰኔ ሃያ ብዬ ጻፍኩ። ፊርማዬን አኖርኩ፣ እሱም በሰም ጣቱ ፈረመ፤
ወረቀቱ ላይ፣ ከስሙ ጎን፣ አንድ የቅባት ክብ ታተመ።
ሎሬይን ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ።

ከዚያ ቦርሳዬን ሊመዝን ፈታው፤ ከካልሲው ሥር
አንድ ከረጢት በሶ ወጣ።
«ይሄ ዝርዝሩ ላይ የለም።»
«የለም» አልኩት።
መዘነው። ስድስት መቶ ግራም።
ለአራት ግራም ብሩሽ የቆረጠ ሰው፣ ቁጥሩን አልጻፈም፣ ምንም አላለም፤
ፀሐይዋ መስኮቱን ለቅቃ ስትወርድ
ከረጢቱን ከራሱ ቦርሳ ሥር ከተተው፣
ከምድጃው አጠገብ፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልሎ፣
ደግሞም ሁለት ጊዜ ቋጠረው።