ይርጋ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ዋንዛው ስር ነው ወንበሬ፤
የድንበር፣ የቀለብ ክስ፣ ስከትብ ኖሬ ኖሬ፣
መርሳ ላይ፣ ገበያ ቀን፣ ማንጎ በጋሪ ሲራገፍ፣
አንዲት ሴት መጥታ ቆመች፣ ከጠረጴዛዬ ጫፍ።

ሞሚና ይማም፣ ከወንዙ ማዶ።
ጀርባዋ ላይ ትልቅ ልጅ፣ እግሩ እስከ ጉልበቷ ወርዶ፤
ፌስታሏ ውስጥ ቢጫ ካርድ፣ ባራት እጥፍ ታጥፎ።

«ጣፍልኝ ጋሼ» አለች፣ «አንዲት ቃል ሳታጎድል፤
ዘጠኝ ወሩ ነበረ፣ ልዳህ ልዳህ ሲል።
ወስጄ አስከተብኩት፣ ጤና ጣቢያ፣ በገዛ እጄ፤
የወጋችው ብርቅነሽ ናት፣ ጎረቤቴ፣ ወዳጄ።
ማታውን ፍም ሆነ፣ ተገለበጠ ዓይኑ፤
ይኸው ሦስት ዓመት ካራት ወር፣ ጀርባዬ ላይ ነው ቀኑ።
'እማ' ያለኝ አንደበቱ፣ ዳግመኛ 'እማ' አላለኝም፤
ስስመው ይወቀኝ አይወቀኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

እኔም ከታቢ ነኝ፤ ብርቅነሽም ከታቢ፤
እሷ በሕፃን ክንድ ላይ፣ እኔ በሰው መዝገብ፣ በደብተር፤
የማናችን ምልክት ነው፣ ሳይሽር የሚኖር?

ጻፍኩ፤
«ከሳሽ፦ ሞሚና ይማም፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ሙሄ።»
«ተከሳሽ፦» ብዬ ብዕሬን፣ አየር ላይ ሰቅዬ ጠበቅኩ።
«ብርቅነሽን ልጻፍ?» አልኩ።

«እሷንማ አልከስም፤ ወላሂ፣ እሷን አልከስም!
ከዚያው ብልቃጥ ለልጇም ወግታለች፣ ምንም አልሆነም።
ከዚያች ሌሊት ወዲህ ከደጄ፣ አንድ ቀን አልቀረችም።»

«ታዲያ ማንን እንክሰስ?»

«የሚያውቀውን።
ልጄን ምን እንደነካው፣ የሚያውቀውን ክሰስልኝ።»

የሚያውቀው ለሚባል ሰው መጥሪያ አይደርስም፤ ቀበሌ የለው፣ ቤት ቁጥር፤
የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት አስገባሁ፤ ካሳ፣ ሁለት መቶ ሺህ ብር።
«ካሳ?» አለች።
«የከሳውስ ልጄ ነበር።»

ከደሴ፣ ከሐኪሞች ቦርድ፣ ክብ ማኅተም ያለው መጣ፤
«ከክትባቱ ነው የሚያሰኝ፣ አንድም ምልክት ታጣ።
የወባ ወራት ነበረ፤ ያን ሌሊት ደሙ አልታየም።»
ሦስት መስመር ናት። እውነት ሳትሆን አትቀርም።
ግን ሦስት መስመር ደብዳቤ፣ ሦስት ዓመት አያዝልም።

ዐቃቤ ሕጉም ተነሳ፤ መቃወሚያው አጭር ናት፤
«ይርጋ። አልፎታል ሁለት ዓመት።»

በረንዳው ላይ ያዘችኝ፤ «ይርጋ ማለት ምንድን ነው?»
ሃያ ዓመት የጻፍኩት ቃል፣ ያን ቀን ምላሴን አሰረው።
«ነገሩ ቆይቷል፣ ይተኛ፣ ዝም ይበል ነው…» አልኳት።

«ወተትም ሳይነካኩት፣ ተቀምጦ ነው የሚረጋ፤
እኔ ይህን ልጅ አዝዬ፣ የቱ ጋ ቆሜ ልርጋ?»

የብይኑ ቀን ተጠራች። «ሞሚና ይማም!» የለችም።
ችሎት አስከባሪው ደገመ። የለችም።

አስፋልቱን ተሻገርኩ።
ጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ፣ ሙሄ እንደወትሮው ጀርባዋ፣
ዘጠኝ ወር የሞላት እንትሻር፣ ታናሽ እህቱ፣ ከእቅፏ።

ተራዋ ደረሰ።
ብርቅነሽ መርፌውን ይዛለች፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤
ዓይኗን ካዘለችው ልጅ፣ መንቀል አቅቷት።
ሞሚና የልጅቱን እጅጌ፣ ራሷ ሰበሰበች፤
በሌላው እጇ፣ ቀስ ብላ፣ የዚያችን ሴት አንጓ ያዘች።
«አይዞሽ» አለች።
«እጅሽ ይርጋ።»

እንትሻር ጮኸች። ሙሄ ወደ ድምፁ ዞር ያለ መሰለኝ።
መሰለኝ እንጂ።

ስንደርስ ችሎቱ ተነስቷል፤ መዝገቡ በይርጋ ተዘግቷል።
እሷ ግን ዋንዛው ስር፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤
ፌስታሏ ውስጥ ካርዱን ከካርዱ፣ ደራርባ አስተካከለች፤
«በል ጣፍ፣ ለወልድያ» አለች፣ «ይግባኝ የሚሉትን።
ያችን ቦታ ግን ክፍት ተዋት፤ የተከሳሹን።»