የተሳሳተው ወንበሩ ነው

ሮዛሪዮ ከተማ፣ ከፓራና ወንዝ ጥግ፣ አንዲት ካፌ ውስጥ
ኤቫሪስቶ ሌዴስማ ብዕር አይዝ፣ ወረቀት አይገልጥ።
ሰባት ሰው ሰባት ነገር ያዘዋል ባንድ አፍ፣
እሱ አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል፣ ሳይጠይቅ፣ ሳይጽፍ።
ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ፣ በቃሉ ይዞ፣ በቃሉ አድሎ፤
አንድ ቀን ግን ከነትሪው ወደቀ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ተንከባሎ።

እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ የሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ፤
ሥራዬ መስመር ማየት ነው፣ ሰው ሲተኛ መጠበቅ።
ራስ ቅሉን በስተው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሰደዱለት፣
እሳቱ የሚነሣበትን ሊያውቁ፣ ከየትኛው ጓዳ፣ ከየት።
ሐኪሟ ኖኤሊያ ግን ሌላም ጥያቄ ነበራት፤
"ሽቦው መቼም ገብቷል፤ ፈቃድህ ከሆነ፣ ንገረኝ" አለች፣
"ሰው 'ይዤዋለሁ' ሲል፣ ያቺ ነገር የት ነው የተያዘች?"

ስምንት ፊደል አሳየችው በጥቁር ሰሌዳ፤
አጠፋችው። ሦስት ሰከንድ ባዶ። እሷ ናት ፍዳ።
"ኤሬ ነበረች?" አለችው። ተሳሳተ። ደገመ፤ ተሳሳተ።
የሠላሳ ዓመት ኩራቱ ጥሎት ሸፈተ።

በማግሥቱ ተነሥቶ "ወንበር ስጪኝ" አላት፤
"ፊደል ዝም ብሎ አይቆምም፤ መቀመጫ ያሻዋል እንደ እንግዳ ራት።"
በሐሳቡ አስቀመጣቸው፣ ኤሬን ከመስኮቱ፣ ኤሜን ከዓምዱ ሥር፤
ስምንቱንም አንድ ባንድ መለሰ፣ ከነቦታቸው፣ ከነክብር።

ያኔ ነው ያየሁት፣ በዚያች ባዶ ሦስት ሰከንድ ውስጥ፤
ከግንባሩ ኋላ ዝግ ያለ ሞገድ ተነሣ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ወጥ።
ከጆሮው በላይ፣ ከጥልቁ፣ ከዚያ ጠምዛዛ ጓዳ
ሌላው ብድግ አለ፣ የሩቅ ጎረቤቱን እርምጃ ሊቀዳ።
በሰከንድ ስድስቴ ይኸኛው፣ ስድስቴም ያኛው፤
መሐላቸው ስንት ጋት ሥጋ አለ፤ አረማመዳቸው ግን የአንድ ሰው።
በዝግታው ጀርባ ላይ ደግሞ ፈጣን፣ ጥቃቅን ንዝረት፣
ትሪ ላይ እንዳሉ ብርጭቆዎች፣
የሚሸከማቸው ሰው በተራመደ ቁጥር ጢንግ የሚሉ፣
ግን ቦታ የማይለቁ፣ ተራ የማይሻሙ።
አንዷ ጢንግታ ኤሬ፣ ቀጣይዋ ኤሜ።

ለካ መያዝ ጎተራ አይደለም፤ መመላለስ ነው።
ከጓዳ ወደ ገበታ፣ ከገበታ ወደ ጓዳ፣ ልክ እንደ ሰውየው፤
እግሩ የቆመ ለት
ትሪው ላይ ምንም የለበት።

ድር ቢያብር፣ አልሁ ለራሴ፣ ተደስቼ።
ምን ነበር ተረቱን ጨርሼ ባየው፣ ነገሩን አጥርቼ!
ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣
ድሩ ሁሉ አበረ። የታሰረው አንበሳ እሱ ራሱ ሆነ።
መቶ ሃያ መስመር፣ አንድ መልክ፣ አንድ ምት፣ አንድ ጩኸት፤
ተራ የሌለበት ኅብረት፣
ሁሉ ተናጋሪ፣ ሰሚ የጠፋበት።
ደወሉን መታሁ። ነርሱ ሩፊኖ በካልሲ ሮጠ።
ሁለት ደቂቃ ከአሥር። ከዚያ መስመሩ ሁሉ ለጠጠ።

"ስምህ ማን ነው?" ዝም።
"የት ነው ያለኸው?" ዝም።
ኋላ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዐይኑ ጣሪያ ላይ እንደቀለጠ፣
"አራት ቁጥር" አለኝ፣ "ሒሳብ ሳይከፍል አመለጠ።"

ቆርጠው ያወጡት የባቄላ ፍሬ አያህልም።
ብርዱ ሲያልፍ ወደ ካፌው ሄድን፣ ስድስት ሆነን፤ እሱ አልጠበቀንም።
ኪሱ ላይ ብዕር አየሁ፣ አዲስ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ።
አዘዝን፣ ስድስት ነገር፤ ነቀነቀ፣ ወደ ጓዳ ዘለቀ።
እኔ ክፉ ነኝ፤ ኖኤሊያን ጠቀስኋት፣ ቦታ ተቀያየርን፣
እጃችንን አጣጥፈን፣ እንደ ጨዋ ልጅ ቀረን።
መጣ። የኔን ሻይ ለሷ፣ የሷን ብርቱካን ለኔ አኖረ።
ሳቅን። እሱ አልሳቀም፤ ትሪውን ብብቱ ሥር ከተተና
ከእኔ እስከ እሷ፣ ከእሷ እስከ እኔ ዐይኑ ተሻገረ።
"እኔ አልተሳሳትሁም" አለ፤ "የተሳሳተው ወንበሩ ነው።"